አፌን በዳቦ አብሱ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1976

አይመጡም ብዬ ነበር፤ መጡ። መጥረጊያውን ከእጄ ሳላስቀምጥ አንዲት እናት ሁለት ልጆች እየጎተተች ደረሰች። «እስከ ስንት ሰዓት ትይዣቸዋለሽ?» አለችኝ፤ ሌላ ጥያቄ የላትም። የቡና ለቀማ ነው። ይዛቸው ጫካ ብትገባ ጉንዳን አለ፣ ቤት ትታቸው ብትሄድ እሳት አለ። የቀበሌው ንባብ ቤት ለእሷ አጥርና በር ያለው ቦታ ነው። ይሁን፤ በምንም ይምጡ። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም ተንጠባጠቡ።

አግዳሚዎቹ የተሠሩት ለመሠረተ ትምህርት ጎልማሶች ነው። ልጆቹን ሳስቀምጣቸው እግራቸው ተንጠለጠለ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ የሚያስበው ስለ እግሩ ነው። ሰሌን አነጠፍኩና አወረድኳቸው።

ክረምቱን ሙሉ ከጓደኛዬ ከብርቱካን ጋር ስንነጋገርበት የከረምነው እቅድ ይኸው ነው፤ እንዳልረሳው ልጻፈው፦

በቀን አንድ ተረት፣ አጭር።
በተረቱ አንድ ፊደል። ከሀ ሁ ተነሥቶ በተራ መሄድ የለም፤ ልጁ በሚያውቀው ነገር መጀመር።
ፊደሉ ያለበት ቃል ሊመጣ ሲል ማቆም። ልጆቹ ይሙሉት።
ወረቀት ስለሌለ በኮባ ቅጠል ላይ በስንጥር መጫር። ጭረቱ ትንሽ ቆይቶ ይጠቁራል፤ ጥቁር ሰሌዳ ይሉሃል ይሄ ነው።

ማቆሙን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ተረት ሲነግረን መሐል ላይ እንቅልፍ ይወስደውና እኛ እንጨርስለት ነበር።

ዛሬ «በ» ነበር፤ በቆሎ። ገበሬው ገበያ ሲሄድ ዝንጀሮዋን «በቆሎዬን ጠብቂልኝ» ይላታል። እሷም ከወፍ ጠበቀች፣ ከአሳማ ጠበቀች፣ ከዚያ ራሷ በላችው። ሥዕሏን በሳሙና ካርቶን ላይ በከሰል ሠርቻለሁ፤ ውሻ ትመስላለች ግን ጅራቷ ያስታውቃል። «ተረት ተረት» አልኩ። ዝም። ግማሾቹ ቤታቸው የሚናገሩት ቤንችኛ ነው፣ ካፍኛ የሚናገሩም አሉ። «የላም በረት በሉ» አልኳቸው። አሉ። ላሟን ፍለጋ ወደ በሩ የዞረም ነበር። መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስል ደግሞ ሁሉም አፍጥጠው አፌን አዩ።

ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ሳቄ አላስጽፍ አለኝ። ማርታ የምትባል አለች፤ ትናንት አንድ ቃል ሳትተነፍስ የዋለች፣ አማርኛ ገና በጆሮዋ የሚገባላት ልጅ። ዛሬ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ተረቱ እስኪያልቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «ተረቴን መልሱ» ስል ብድግ አለች። ጥቅሉን ፈታችው፤ የበቆሎ ቂጣ ነው። ቆረሰችና አፌን አበሰችልኝ። ከዳር እስከ ዳር፣ በደንብ፤ እናቷ የእሷን አፍንጫ እንደምታብሰው። ሰሌኑ ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ተንከባለለ። እሷ አልሳቀችም፤ የታዘዘችውን ነው የሠራችው።

ይህን አባባል ስሰማውና ስለው ኖሬ አንድም ሰው ዳቦ አቅርቦልኝ አያውቅም። አገሬ ማጂ ልጆች ሳለን ብለነው፣ አፋችንን በእጃችን ጠርገን እንተኛ ነበር። ይህች ልጅ ቋንቋው ገና አዲሷ ስለሆነ የተባለውን ሰማች። እኛ መስማት የተውነው መቼ ነው?

ቂጣውን ለሁሉም ቆራረስኩት። ከዚያ ያሰብኩትን ፊደል ትቼ «ዳ»ን አስጫርኳቸው። ዳቦ። የማርታ «ዳ» እግሯ ተወላግዷል፤ ግን ቆማለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ነገሩ ተዛመተ። ዛሬ ሁሉም ይዞ መጣ፤ ጎደሬ፣ ቆጮ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ በቆሎ። አንዱ ቤታቸው ምንም ስላልነበረ ባዶ ኮባ አጥፎ መጥቶ በቅጠሉ አበሰኝ። ይበልጥ ያመሰገንኩት እሱን ነው። ያመጡትን መሐል አድርገን አብረን በላን። ጠዋት እህል ሳይቀምሱ የሚመጡ እንዳሉ የገባኝ ዛሬ ነው። ከበሉ በኋላ ፊደሉን ሲጭሩ ስንጥሩ ከእጃቸው አይወድቅም።

ዝናብ መጣና ቆርቆሮው ድምፄን ዋጠው። በእጄ ተረትኩ። ዝንጀሮን በእጅ መተረት ቀላል ነው፤ ገበሬው ነው ያስቸገረኝ።

ከሰዓት ብርቱካን ከትምህርት ቤት ስትወጣ መጣች። ብርቱካን ማለት ለእኔ እህት ናት። ማጂ አብረን አደግን፣ አብረን ወደዚህ ወረድን፣ እሷ እስክታገባ አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ ትሪ ላይ በላን። አሁን አስተማሪ ናት፤ በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴም አለች። የአፌን መታበስ ስነግራት የበሩን መቃን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ተያቸው፣ ዘኑ። እንዳትከለክያቸው፤ ቋንቋ የሚገባው እንዲህ ነው» አለችኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችኝ።

ደግሞ ወሬ ይዛለች። በሚመጣው ሳምንት ከጅማ ሰው መጥቶ የሕፃናቱን ሥራ ሊያይ ነው። አንድ ሰው መርጠው ጅማ ለመዋዕለ ሕፃናት ኮርስ ይወስዳሉ። «የእኛን ንባብ ቤት ያዩታል» አለች። የእኛ ስትል ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ብርቱካን «እንዴት እንደምታደርጊው አንዴ አሳዪኝ» አለች። ሰሌኑ ላይ እንደ ልጅ አስቀምጬ ተረትኩላት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ቃሉ ሊመጣ ሲል ትንፋሽ ወስደሽ ቁሚ። ቀድሞ የሚጮኸውን ልጅ አትዪ፣ ዝም ያለውን እዪ፤ ተረቱ የሚነገረው ለእሱ ነው። ዝናብ ከመጣ አትጩኺ፤ ልጆቹም ይጮሁብሻል። ካርቶኑን ቶሎ አታሳዪ።

ከዚያ እሷ ሞከረች። ድምፄን ቁርጥ አድርጋ አስመሰለችው፤ በሳቅ ሞትኩ። እንዲያውም ከእኔ ትሻላለች፤ መልኳም ያግዛታል።

ልትወጣ ስትል አንዷ እናት ሱቅ ሰልፍ ላይ «ዳቦው የግድ ነው ወይ?» ብላ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። «ምን አልሻት ታዲያ?» አልኳት። «ምን እላታለሁ፣ ሳቅኩ» አለች። እኔም ሳቅኩ። ሰኞ እናቶቹን አስረዳለሁ ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ጽሑፌ ዛሬ እንደ ልጆቹ ጭረት ሆኗል።

የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ ሂስና ግለ ሂስ። ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሱቁ ስኳርና ጥበቃ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ነው። ዛሬ ሊቀ መንበሩ «የንባብ ቤቷ ጓድ ከለቃሚ ልጆች ዳቦ ትሰበስባለች የሚል ቅሬታ ቀርቧል» አለ። ሳቅኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ መሳቄ ነው። አብረን ልንስቅ ብርቱካንን በዓይኔ ፈለግኳት። ጥፍሯን እያየች ነው።

ተነሥቼ አስረዳሁ። የተረት መዝጊያ ነው፣ አባባል ነው፣ የምር ዳቦ አምጡ ማለት አይደለም አልኩ። «ግን አመጡ?» አለኝ። አመጡ። «በላሽ?» በላሁ፤ አብረን ነው የበላነው። መልሴ ሁሉ እውነት ነው፣ እውነቱ ሁሉ ይቀብረኛል።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ነው። ተረት የሰማው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ደግሞ የተረት ነጋሪ አፍ በዳቦ አይታበስም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ጠየቀ። «ጓድ ብርቱካን፣ እንዲህ የሚባል ነገር እውነት አለ?»

አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገኝ። «አለ» ብትል ሁሉም ስቆ ወደ ስኳሩ ይመለሳል።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። «በድሮው ሥርዓት ይባል ነበር» አለች። «ተረት አውሪው ከጭሰኛ ልጅ አፍ የሚነጥቅበት ልማድ ነው። ጓድ ዘነበች በክፋት አላደረገችውም። እኔ ግን፣ ተይ ብዬ መክሬያታለሁ።»

መክሬያታለሁ! የበሩን መቃን ይዛ የሳቀችው ማን ነበረች? «እንዳትከለክያቸው» ያለችኝ ማን ነበረች? ይህን ሁሉ እዚያው መናገር ነበረብኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ውሸታም» ልላት አፌ እንቢ አለኝ፤ ዛሬም እህቴ መስላኝ መሆን አለበት።

ውሳኔ፦ ዳቦ ከእንግዲህ ተከልክሏል፤ ጉዳዩ እስኪጣራ የሕፃናቱን ተረት ብርቱካን ትይዛለች፤ እኔ ጋዜጣዎቹን አስተካክላለሁ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ቆሜ «ዳቦ በመብላቴ ተጸጽቻለሁ» አልኩ። አንድ ሰው አጨበጨበ።

ባጎረስኩ ተነከስኩ ይላሉ። እኔስ ጎርሼም አጉርሼም ነው የተነከስኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ጋዜጣ መደርደሪያው ጀርባ ተቀምጬ ዋልኩ። ብርቱካን ተረተች። የዝንጀሮዋን። በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ካርቶን፣ ቃሉ ሊመጣ ሲል ትንፋሿን ወስዳ እየቆመች። ዝም ያለውን ልጅ እንኳ አየች፤ አንድም አልረሳችም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ደንደሱ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አውቄዋለሁ።

ሲያልቅ «ተረቱ አለቀ፣ ተነሡ» አለች። ልጆቹ አልተነሡም። «አለቀ እኮ!» አለች። እንደተቀመጡ ናቸው። ለእነሱ ተረት የሚያልቀው ሲመለስ ነዋ፤ እንደዚያ ነው ያስተማርኳቸው። ብርቱካን አጨበጨበች፣ ዘፈን ጀመረች፣ ፊደል ጠየቀች። አፏን እያዩ ጠበቁ። እናቶቻቸው እስኪመጡ ሰሌኑ ላይ ቀሩ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ማርታ ማንም ያልጠየቃትን ቂጣ መልሳ በኮባው ስትጠቀልል አየኋት። በኮባው ላይ «ዳ» ተጭሯል፤ ቤቷ ሆና የጫረችው ነው። ደስታዬ እዚያው ላይ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። አልሄድኩም። ብርቱካን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጣች። ግቢ አላልኳትም፤ ራሷ ገባች፣ እንደ ዱሮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባሌ ጅማ ከተዛወረ ዓመት ሊሞላው ነው» አለች። ይህን አውቃለሁ። በሽኝቱ ግብዣ እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። «ይህ ኮርስ ካመለጠኝ ማንም ከዚህ አያነሣኝም። ሁለታችንን አይወስዱም። አንቺ ደግሞ ጅማ ማን አለሽ፣ ዘኑ? ማን ይጠብቅሻል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አይጠብቀኝም። ይህን ልትነግረኝ ግን አልጋዬ ላይ መቀመጥ አልነበረባትም።

ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር አልኳት። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ጅማን አልፈለግኩትም። አንቺ ሂጂ፣ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ፣ ብዬ ስንቅ እቋጥርላት ነበር። ለምን በዳቦው በኩል መጣሽብኝ? ለምን የሰው ልጅ ጉሮሮ ላይ የቆመች አደረግሽኝ?

«እንቢ ብትዪኝስ?» አለች።

ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ትሪ ላይ በልታ አላወቀችኝም። እኔም አላወቅኳትም። ስትወጣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ ብደበድበው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ከጅማ የመጡት አንዲት ጠና ያሉ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። ሊቀ መንበሩ አጅቧቸው ገባ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ጋዜጣዬ ጀርባ። በመደርደሪያው ክፍተት ሁሉም ይታየኛል።

ብርቱካን ጥሩ ተረተች፤ ይህን አልክድም። ስትቆም ልጆቹ «በቆሎ!» ብለው ቤቱን አናወጡት። ሴትዮዋ ሳቁ፣ ለሊቀ መንበሩ አንድ ነገር ሹክ አሉት። ከዚያ ተረቱ አለቀ። ልጆቹ እንደልማዳቸው አልተነሡም። ብርቱካን ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ማርታ ተነሣች። ቅጠሏን ይዛ ብርቱካንን አለፈቻት፣ እንግዳዋን አለፈቻት፣ መደርደሪያውን ዞራ እኔ ዘንድ መጣች። ቂጣውን ቆርሳ አፌን አበሰችልኝ። ሁሉም አየ። «ተይ» ማለት ነበረብኝ፤ ክሱን በገዛ አፌ ላይ እያረጋገጥኩ ነው። አልቻልኩም። አፌን አቅርቤ ታበስኩ።

ሊቀ መንበሩ መጣ። ቁጢጥ ብሎ በቤንችኛ ጠየቃት። በቤንችኛ መለሰችለት፤ ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ብዙ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከኋላ የነበሩት ሁለት ልጆችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል።

«ምን አለች?» አልኩት።

«አንድ ቀን አፏን በደንብ ሳናብሳት ቀረን፤ ተቆጥታ ከወረቀቱ ኋላ ገባች፤ ካልታበሰች ሌላ ተረት አታወራልንም ነው የምትለው» አለኝ። እኔን ትቶ ብርቱካንን አያት። ብርቱካን ካርቶኖቹን ትሰበስባለች፤ ሰብስባ ጨርሳለች፣ እንደገና ትሰበስባለች።

ሴትዮዋ ግን መነጽራቸውን እየወለወሉ «ተረቴን መልሱ! እኛም እንል ነበር እኮ፤ ዛሬም ይባላል?» አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ተወሰነ። ወደ ጅማ የምትሄደው ብርቱካን ናት። ሴትዮዋ ቃሉ ሊመጣ ሲል የማቆሙን ዘዴ በጣም ወደውታል፤ ሌሎችም ይማሩት ብለዋል አሉ። ዘዴው የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አባቴ መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ይሳቅ።

ሊቀ መንበሩ ንባብ ቤት ድረስ መጣ። ሰኞ ልጆቹን ያዢ አለኝ። ይቅርታ አላለም፤ ይቅርታ ማለት ያለባት ሌላ ናት። ግን በቃለ ጉባኤ የተጻፈ አይፋቅም፤ ዳቦ ተከልክሏል ተብሎ ተጽፏል። «ዳቦ የሚለው ቃል ከአፍሽ አይውጣ፣ ጓድ ዘነበች፤ እኔንም አታስጠይቂኝ» አለ። ወጥቶ በሩ ላይ ተመለሰና ከቤቱ የበሰለ ሙዝ ለልጆቹ ሊልክላቸው ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሙዝ አልተከለከለም አልኩት።

ሳይመሽ ብርቱካን መጣች፤ በር ላይ ቆመች። ሻንጣዋ ታስሯል፣ ነገ በቡና መኪና ትሄዳለች። ካርቶኖቹን ፈልጋ ነው፤ ለኮርሱ። «ትሰጪኛለሽ?» አለች። ይኸው፣ መጠየቅም ትችላለች።

«መጀመሪያ ተረቴን መልሺ» አልኳት።

ከልማድ የተነሣ ሳቅ አለች። አፏ ቀሪውን ሊል ሲከፈት አየሁት። ከዚያ ሳቋ ቆመ፣ አፏንም ዘጋች።

የዝንጀሮዋን ሥዕል ብቻ ሰጠኋት። ተቀበለች፤ አላየችውም። ትንሽ ቆማ «ደህና ሁኚ፣ ዘኑ» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። አሁን ምነው በመለስኩላት እላለሁ፤ ግን እንደገና ብትመጣም የምመልስላት አይመስለኝም።

ሰኞ ልጆቹ ይመጣሉ። ተረቱን አስቤዋለሁ፤ የዔሊ ነው፣ ዝንጀሮ የለበትም። መጨረሻው ነው የጨነቀኝ። ካልተመለሰ አይነሡም፣ ዳቦ ብዬ ደግሞ መጥራት አልችልም። ስብሰለሰል ቆይቼ ለካስ መላው እጄ ላይ ነው፤ ስንት ቀን ሳስተምር የኖርኩት። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በ…» እልና ትንፋሽ ወስጄ እቆማለሁ። የሚጮኸውን አላይም፤ ዝም ያለውን አያለሁ። የቀረውን ቃል ልጆቹ ያውቁታል።

ብርቱካንም ታውቀው ነበር።